«ያላሰቡትን አታሳስቧቸው» ለሚሉ ወላጆች ምን እንመልስ?

በዚህ ዕትም አፍላ ወጣቶችን ከኤች አይ ቪ ስለ መጠበቅ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለሦስቱ መልስ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ስም በራሳቸው ጥያቄ መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ስሆን የፀረ ኤድስ ክበቡንም አስተባብራለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ኮንዶምና ስለ ደም ምርመራ ገለጻ ካደረግን በኋላ አንዳንድ ወላጆች ርእሰ መምህሩ ዘንድ ቀርበው «ያላሰቡትን እያሳሰባችኋቸው ነው፤ ታቀቡ ማለት ብቻ ይበቃል» ሲሉ ቅሬታ አሰሙ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያው መፈክር ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ተማሪዎቹ ጆሮ እንደማይሰጡት አይቻለሁ። ጥናቶች ምን ይላሉ? (መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የወላጆቹ ሥጋት ለልጆቻቸው ካላቸው ፍቅር የመነጨ ስለሆነ በአክብሮት ሊሰማ ይገባዋል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ተመርምሮ መልስ ያገኘ ሥጋት ነው። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ዳግላስ ከርቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በበለጸጉና በታዳጊ አገሮች የተካሄዱ 83 የሥነ ወሲብና የኤች አይ ቪ ትምህርት ፕሮግራሞችን ውጤት መርምረዋል። ትምህርቱ ወጣቶችን ያለጊዜያቸው ወደ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ይገፋፋል የሚለው ፍርሃት በማስረጃው አልተደገፈም። እንዲያውም ከፕሮግራሞቹ ሁለት ሦስተኛ የሚያህሉት ቢያንስ አንድ ነገር አሻሽለዋል፤ ወይ ግንኙነት የሚጀመርበትን ጊዜ አዘግይተዋል፣ ወይ የወሲብ ጓደኛን ቁጥር ቀንሰዋል፣ ወይ በኮንዶም የሚጠቀሙትን አብዝተዋል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነጥብዎ፣ ማለትም ተማሪዎቹ መፈክሩን መስማት ማቆማቸው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ፈረንሳዊቷ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ፓስካሊን ዱፓ በምዕራብ ኬንያ ካካሄዱት ጥናት የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። በጥናቱ 328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተካተቱ፤ የትኛው ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚያገኝም በዕጣ ተለየ። በከፊሎቹ ትምህርት ቤቶች መምህራኑ የመንግሥቱን የኤች አይ ቪ ሥርዓተ ትምህርት ለማስተማር ሠለጠኑ፤ የዚያ ሥርዓተ ትምህርት ዋና መልእክት እስከ ጋብቻ መታቀብ ነበር። በ71 ትምህርት ቤቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ስምንተኛ ክፍል ገብቶ 40 ደቂቃ ያህል ብቻ አስተማረ። ተማሪዎቹ ዕድሜው ከገፋ ሰው ጋር ስለተጠጋች ልጃገረድ የሚተርክ አጭር ቪዲዮ ከተመለከቱ በኋላ፣ ባለሙያው በዚያው አካባቢ ባለችው በኪሱሙ ከተማ ቫይረሱ ከወንዱም ከሴቱም በየትኛው ዕድሜ ምን ያህል እንደተሰራጨ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው። ቁጥሩ ያሳየው ነገር ግልጽ ነበር። ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው አብረዋቸው በሚማሩት ወንዶች ደም ውስጥ ሳይሆን ሥራና ገንዘብ ባላቸው፣ ስጦታ መግዛት በሚችሉት፣ እኛም አገር ወጣቱ «ሹገር ዳዲ» በሚላቸው ወንዶች ደም ውስጥ ነው።

በዓመቱ ውጤቱ ሲታይ ያንን ትምህርት ያገኙ ልጃገረዶች የማርገዝ መጠን ካላገኙት በ28 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ከሚበልጣቸው ሰው ማርገዝማ በ61 በመቶ ቀንሷል። ከእኩዮቻቸው የሚረገዘው ደግሞ በምትኩ አልጨመረም። መምህራኑ ስለ መታቀብ እንዲያስተምሩ በሠለጠኑባቸው ትምህርት ቤቶች ግን እርግዝና አልቀነሰም። ለወላጆቹ ሊደበቅ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ትምህርቱ ሁሉንም ልጆች ከግንኙነት አላስቀረም፤ አንዳንዶቹ ከትልልቆቹ ርቀው ወደ እኩዮቻቸው አዘነበሉ፣ በኮንዶም መጠቀማቸውም ጨመረ። ልጆቹ እንደ አዋቂ ሰው ተቆጥረው አደጋው የት እንደሆነ ሲነገራቸው አመዛዝነው መወሰን እንደቻሉ ከዚህ እረዳለሁ፤ ይህንንም ችሎታቸውን ብዙ ጊዜ እንነፍጋቸዋለን።

የኪሱሙን ቁጥር ለደብረ ማርቆስ ተማሪ ማስተማር ግን ስሕተት ይሆናል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው 0.9 በመቶ ናቸው። ይህ አማካይ ብዙ ይሸፍናል፤ በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6 በመቶ ነው፤ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነው። በዚሁ ጥናት ስለ ቫይረሱ መተላለፊያና መከላከያ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከሴቶች 20 በመቶ፣ ከወንዶች 38 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያን ሁሉ መፈክር ለጻፍን ሰዎች ይህ ሊያስደነግጠን የሚገባ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከወረዳዎ ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ ጋብዘው የአካባቢውን ሁኔታ በዕድሜና በጾታ ለይቶ ለተማሪዎቹ እንዲያስረዳ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ከዚያም በፊት ያንኑ ገለጻ ቅሬታ ላቀረቡት ወላጆች በቅድሚያ ያሳዩአቸው። ምን እንደሚነገር በዓይኑ ያየ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ደጋፊ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ርእስ ላይ ለመሥራት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊቷ ለተቀመጠ የማታውቀው ሰው ስለ ግል ሕይወቷ እውነቱን ትናገራለች ብዬ ማመን ከብዶኛል። ተመራማሪዎች ይህን እንዴት ይወጡታል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው። በኬንያ በተደረገ አንድ ሙከራ ወጣቶች ለጠያቂ በቃል ሲመልሱ፣ በወረቀት ላይ ራሳቸው ሲሞሉ፣ እንዲሁም በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ በኮምፒዩተር ሲመልሱ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ታይቷል። እፍረት መልሱን ያዛባዋል፤ ደግሞም ሴቷ ወደ መደበቅ፣ ወንዱ ወደ ማጋነን ሊያዘነብል ይችላል።

በታንዛንያ ምዋንዛ በ20 ማኅበረሰቦች የተካሄደው «ሜማ ክዋ ቪጃና» የተባለው የወጣቶች የሥነ ወሲብ ጤና ትምህርት ፕሮግራም ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። ፕሮግራሙ የወጣቶቹን ዕውቀት በግልጽ አሳደገ፤ ደማቸው ሲመረመር ግን የኤች አይ ቪ ሥርጭት እንዳልቀነሰ ታወቀ። መጠይቅ ብቻ ቢሰበሰብ ኖሮ ድል ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች መጠይቁን በደም ምርመራ ይደግፋሉ። ኤች አይ ቪ በአፍላ ወጣቶች ዘንድ አነስተኛ በመሆኑ ልዩነት ለማየት እጅግ ብዙ ሰው መመርመር ስለሚጠይቅ፣ የብልት ሄርፒስን የሚያመጣውን ሁለተኛውን ዓይነት የሄርፒስ ቫይረስ ይመለከታሉ፤ ይህ ቫይረስ በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍና ምልክቱ በደም ውስጥ ዕድሜ ልክ ስለሚቆይ የወጣቱን ታሪክ ከአንደበቱ ይልቅ በታማኝነት ይናገራል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓና ማይክል ክሬመር እዚያው ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ተማሪዎቹን እስከ ሰባት ዓመት ተከታትለው ያገኙት ውጤት ልብ የሚያሳርፍ አይደለም፤ ነገር ግን እውነተኛ ነው። ለልጃገረዶች የደንብ ልብስ በነፃ መስጠት ትምህርት ማቋረጥን፣ እርግዝናንና ያለዕድሜ ጋብቻን ቀነሰ፤ የሄርፒስ ሥርጭትን ግን አልነካም። እርግዝናው ስለቀነሰ ብቻ በሽታውም ቀንሷል ብሎ መደምደም እንደማይቻል ከዚህ ትማራለህ። በአንጻሩ በማላዊ ዞምባ ወረዳ ለተማሪ ልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው በየወሩ ገንዘብ ሲሰጥ፣ ከ18 ወራት በኋላ ኤች አይ ቪ ድጋፉን ካገኙት ተማሪዎች በ1.2 በመቶ፣ ካላገኙት በ3 በመቶ ላይ ተገኝቷል። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አድርገህ ብታነብብ ለመመረቂያ ጽሑፍህ የሚሆን ጥያቄ አታጣም።

የደም ምርመራ በአንድ ተማሪ ዐቅም የሚሠራ ስላልሆነ፣ ጠያቂዎችህ ከተጠያቂዎቹ ጋር አንድ ጾታ እንዲሆኑና በዕድሜ እንዲቀራረቡ አድርግ፤ ከባዶቹን ጥያቄዎች ስም በሌለው ወረቀት አስሞላ። ዕድሜያቸው 18 ያልሞላቸውን ለመጠየቅ ደግሞ የዩኒቨርሲቲህን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳትይዝ እንዳትጀምር።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከገጠር መጥታ እኔ ዘንድ ትኖራለች፤ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ቀን ቤት ውስጥ ታግዘኛለች፣ ማታ ትማራለች። ሰሞኑን አንድ ባለ ሱቅ ጎልማሳ የሞባይል ካርድ እየሞላላት፣ አምሽቶም እየሸኛት እንደሆነ ሰማሁ። ወደ ወላጆቿ ልመልሳት ወይስ ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በጊዜ ነቅተው መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ልጅቷን ወደ አገር ቤት መመለስ ችግሩን ከዓይንዎ ያርቀው ይሆናል፤ ከእርሷ ላይ ግን ላያርቀው ይችላል፤ ምናልባትም የሚጠብቃት ጋብቻ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በተባለው አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ሲካሄድ፣ ልጃገረዶች በሴት መካሪዎች ሥር እንዲሰባሰቡ፣ የትምህርት መሣሪያ እንዲያገኙና ቤተሰቡም ልጁን ሳይድር በትምህርት ካቆያት በመጨረሻ የቤት እንስሳ እንዲሰጠው ተደረገ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዋ አናቤል ኤሩልካር ውጤቱን ሲመዝኑ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ፣ በትምህርት ገበታ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ አገኙት። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን ጋብቻው አልቀነሰም። እንግዲህ የእርስዎ ልጅ ያለችው በጣም በሚያሰጋው ዕድሜ ላይ ነው።

ለእርሷ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» ነው። መካሪዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑ ልጃገረዶችን፣ በተለይም የቤት ሠራተኞችንና ከገጠር የመጡትን ይፈልጉ ነበር፤ አሠሪዎችንም እያነጋገሩ ልጆቹ በቀበሌ አዳራሽ እየተሰበሰቡ ፊደል እንዲቆጥሩ፣ ስለ ጤናቸውም እንዲማሩ ያስፈቅዱ ነበር። የተሳተፉት ልጆች ስለ ኤች አይ ቪ የተሻለ ዕውቀትና ችግር ሲገጥማቸው የሚያማክሩት ሰው ነበራቸው። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ጓደኛ እንኳ አልነበራቸውም፤ ካርድ የሚሞላላት ሰው የሚያገኛትም እንዲህ ያለችዋን ልጅ ነው።

ስለዚህ ሳይቆጡና ሳያስፈራሩ፣ ሰው በሌለበት ያነጋግሯት፤ ሰውየው ምን እንዳላት ጠይቀው እስክትጨርስ ያድምጧት። የካርዱን ወጪ እርስዎ ይቻሉላት፤ ከትምህርት ስትመለስ የሚቀበላት ሰው ይመድቡ፤ ከተቻለም የማታውን ትምህርት ወደ ቀን ያዛውሩላት፣ የቤቱም ሥራ ለዚያ ይቀነስላት። ሰውየውንም በሽማግሌ ፊት፣ ዕድሜዋ 18 ካልሞላ ልጅ ጋር ግንኙነት መፈጸም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ እንደሚያስቀጣ ያስታውቁት። አንዳች ነገር ደርሶባት ከሆነ ግን ሽማግሌ አይጠበቅም፤ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። ቫይረሱ እንዳይዛት የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት ሲሆን፣ በፈጠነ ቁጥር የበለጠ ይሠራል፤ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል።