አባትሽ ሲያጋንኑ ልጆቹ ፊት አታርሚያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አባትሽ ለልጆችሽ ጨማምረው ያወራሉ። ልጅሽ «አያቴ ጅብ በጥፊ መቱ» ብሎ ትምህርት ቤት ተሳቀበት። ባልሽ ደግሞ «ውሸት እያስተማሩብን ነው» ብሏል። ላርማቸው ወይስ ልተዋቸው ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ያደግሁት እንዲህ ዓይነት አባት ይዤ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ።

አባዬ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ያኔ የኮምቦልቻ መኪና በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርዳል። ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ ግን ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ይጀመራል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት መኪናውን በማርሽ ብቻ ይዞ ኮምቦልቻ ያወረደባት ታሪክ ነበረችው። መጀመሪያ ስንሰማት ጭነቱ ስኳር ነበር። ቆይቶ ነዳጅ ሆነ። እኔ አስረኛ ክፍል ስደርስ ነዳጁ እሳት ይዞ ነበር! እማዬ ቡናውን እየቀዳች «ዛሬስ አልተቃጠልክም?» ትለዋለች። እሱ ፍንክች አይልም።

ወላሂ፣ ያ ቀደዳ ባይኖር አባቴን በምን አውቀው ነበር? ብዙውን ጊዜ ተኝተን ገብቶ ተኝተን ይወጣል። እንደ ሌሎቹ አባቶች ደብተር አላየልንም። ወሬው ላይ ግን ሁላችንም እሱ አጠገብ ነን።

ሌላው ወሬው የአያቴ ነበር። «የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ፣ ጃንሆይ መትረየሱን ራሳቸው ሲተኩሱ፣ ጥይት ያቀብል የነበረው አባቴ ነው» ይል ነበር። (ደሴ ውስጥ አያቱ ጥይት ያላቀበለ ካለ እጁን ያውጣ።) ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማው መደብደቡ እውነት ነው። ጃንሆይ መተኮሳቸውም እውነት ነው፤ ፎቶው አለ። እህቴ ፎቶውን መጽሐፍ ላይ አግኝታ አመጣችለትና «አያታችን የታለ?» አለችው። መነጽሩን አድርጎ ትክ ብሎ አየው። «ይሄኔ ጥይት ሊያመጣ ሄዶ ነው» አላት።

እሷ ግን አልተወችውም። የዚያን ቀን ታሪክ ባገኘችበት ሁሉ ማንበብ ጀመረች። ሆስፒታል ሳይቀር መመታቱን የሰማነው ከእሷ ነው።

ባልሽም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አባዬ ቦሩ ሜዳ በኩል የቅድመ አያቶቻችን መሬት እንዳለን ያወራ ነበር። አንዴ ጥማድ፣ አንዴ ጋሻ ይሆናል። እሱ ካለፈ በኋላ ታላቅ ወንድሜ አምኖ መሬቱን ሊፈልግ ሄደ። ከአጎታችን ልጆች ጋር ተጣላ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሁለቱ ቤት ዛሬም ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። ቢኖርስ ኖሮ? የገጠር መሬት በ1967 በአዋጅ የሕዝብ ሆኗል። ስለዚህ መሬት፣ ገንዘብ፣ ዝምድናና በሽታ ላይ ቀልድ የለም። እነሱን ለብቻቸው አስቀምጠሽ፣ ቁርጡን ጠይቂያቸው። ጅቡን ተይላቸው።

ለልጅሽም መላ አለው። እኛ ቤት ልጆቼ አንድ ነገር ሲጠራጠሩ «የእውነት ነው የሐረጎ?» ይላሉ። ማንም አይቀየምም። ልጅ የምናስበውን ያህል ሞኝ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት በር ከተከፈተለት ራሱ ይለየዋል። ሰው ፊት «አባዬ ኧረ አይዋሹ» ማለት ግን ሽማግሌውን ማዋረድ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ይላሉ፣ ዝም ካሉ ደግሞ የሚያወሩት እውነትም አብሮ ይቀራል።

እኛ ይሄ የገባን ለቅሶ ላይ ነው። አንድ የድሮ ሾፌር ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው የሐረጎዋን ነገር አነሱ። ለካ ፍሬን እምቢ ማለቱ እውነት ነው። መሪውን የያዙት ግን እሳቸው ናቸው። አባዬ ያኔ ረዳት ነበር። ከሚሄደው መኪና ዘሎ ወርዶ፣ አጠገቡ እየሮጠ ጎማው ሥር ታኮ የሚጥለው እሱ ነበር። ይሄንን አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። ለምን እንደደበቀን እስካሁን እንከራከራለን፤ ለእኔ ከሾፌሩ የረዳቱ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ስልክሽን አውጥተሽ ቅጂያቸው። ሲያወሩ አታቋርጪ። ሲጨርሱ ግን «አብሮዎት ማን ነበር? የት አደራችሁ?» በያቸው። አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች በሕይወት ካሉም ዛሬውኑ ሄደሽ ጠይቂ።