«ዝምተኛ ነኝ፤ ሥራዬን ማን ያይልኛል?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ስቶር ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ከደሴ እየተመላለስኩ ነው የምሠራው። አርፍጄ አላውቅም፣ ሥራዬንም አላሳድርም። ግን ዝምተኛ ነኝ። አብሮኝ የተቀጠረው ልጅ ከአለቃችን ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ያሥቃል፣ ስሙ ሁሌ ይነሳል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል? መ.፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! መጀመሪያ ስለ ሙከራ ጊዜው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው፤ የዕረፍት ቀንህ አይገባበትም። ውልህን አውጣና ቁጠር። ካሰብከው በላይ ጊዜ ሊኖርህ ይችላል።

ስለዚያ ልጅ ብዙ አልልም። ጨዋታ አዋቂነት ጸጋ ነው፣ አትቀየመው። አንተ ግን እሱን ልምሰል ብትል አያምርብህም።

እኔም ኮምቦልቻ ስቶር ውስጥ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ከሐርቡ እየተመላለሰች አብራን የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ድምጿ የማይሰማ። አለቃችን ደውሎ «ክር አለ ወይ?» ሲል ሌላው ሰው «አለ» ብሎ ይዘጋል። እሷ ግን «አለ፤ በዚህ አያያዝ እስከ ሐሙስ ያደርሰናል። ቀጣዩ ጭነት ደረቅ ወደብ ገብቷል፣ ገና አልተለቀቀም» ትለዋለች። ሰውዬው መልሶ መደወል አያስፈልገውም። እያደር ማንም ስልኩን ቢያነሳ «እሷን አቅርብልኝ» ማለት ጀመረ። ሻይ አብረው ሲጠጡ አይቼ አላውቅም።

ክሩ እስከ መቼ እንደሚያደርስ የምታውቀው ከቢን ካርዱ ነው፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ ማለት ነው። ዕቃ ስታወጣ፣ ተረካቢው ገና እፊቷ ቆሞ፣ ወጪውንና ቀሪውን እዚያው ትመዘግባለች። ብዙ ሰው ለማታ ያሳድረዋል። ማታ ደግሞ ሰርቪሱ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል፣ ጥድፊያ ነው፣ አንድ ካርቶን ትዘነጋለች። ቆጠራ ሲመጣ ያቺ ካርቶን ሰው ታጣላለች። አንተ በአካውንቲንግ ተመርቀሃል፤ የሒሳብ ሚዛን ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምርህ አይገባም። በዚህ ልትበልጥ ትችላለህ።

ጉድለት ስታገኝ ደግሞ ቶሎ ተናገር። ሰው መጥፎ ወሬ ይዞ አለቃው ፊት መቆም ይከብደዋል፤ ነገ ይገኝ ይሆናል እያለ ያድራል። ጠዋት የተነገረ ጉድለት ይፈለጋል፣ ይገኛልም። ከሳምንት በኋላ የተነገረ ግን ጥርጣሬ ያመጣል። ስትነግረውም ባዶ እጅህን አትሂድ፤ «ሁለት ጥቅል ጎድሏል፣ የትናንቱን ወጪ ደረሰኝ አመሳክሬያለሁ፣ የቀረኝ የማታው ፈረቃ ነው» በለው።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ፤ ያልቆጠርከውን አትፈርም። መኪናው አምሽቶ ይደርሳል፣ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ወዛደሩ ደክሞታል፣ «ፈርምና እንሂድ» ይሉሃል። አዲስ ስለሆንክ ታፍራለህ። «ጋሼ፣ ቆጥሬ ልፈርም» በል በትሕትና። አይሆንም ካሉህ ደረሰኙ ላይ «ሳይቆጠር የተራገፈ» ብለህ ጽፈህ ፈርም፣ ጠዋት አስቆጥር። ያን ዕለት ይቆጡህ ይሆናል። ግን ስቶር የሚሰጠው ፊርማው ለሚታመን ሰው ነው፤ አለቃህም ዛሬ ቢናደድ ይህን ያውቃል።

ሁሉም አለቃ ያያል ብዬ ግን አልዋሽህም። በሽንገላ ሲሾም የኖረ ሰውም አይቻለሁ፣ ያናድዳል። ስለዚህ ዝም ብለህ አትጠብቅ። የሙከራ ጊዜህ ሳያልቅ፣ ሥራ ቀለል ባለበት ሰዓት ገብተህ «ጋሼ፣ ከአሠራሬ ምን ላስተካክል?» በለው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዝምተኛ ሰውም ይችለዋል። የሚልህን ማስታወሻ ደብተርህ ላይ ጻፍና በዚያው ሳምንት አንዱን አስተካክለህ አሳየው።