ጀርመን ውስጥ ፓርኬት ለማንጠፍ የኮርስ ሰርተፍኬት ይበቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። በአንድ የፓርኬት ድርጅት ውስጥ በረዳትነት መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊትም አዲስ አበባ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ። በቅርቡ ሁለት አጫጭር ኮርሶች ወስጄ፣ አንዱን ስለ ኮላ፣ ሌላውን ስለ ወለል ማለስለሻ ማሽን፣ ሰርተፍኬት ተሰጥቶኛል። አሁን የራሴን ሥራ መክፈት እፈልጋለሁ። አንድ የአገሬ ልጅ «እኔ ያለ ምንም የሙያ ወረቀት ነው የከፈትኩት፤ ሰርተፍኬትህ ይበቃሃል» ይለኛል። አለቃዬ ደግሞ የሦስት ዓመቱን የሙያ ሥልጠና (አውስቢልዱንግ) ከሀ ብዬ ካልጀመርኩ የትም እንደማልደርስ ይነግረኛል። የሁለት ልጆች አባት በመሆኔ በተለማማጅ ደመወዝ ሦስት ዓመት መኖር ይከብደኛል። የማንን ምክር ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም የመከሩዎት ከየራሳቸው ልምድ ተነሥተው ቢሆንም፣ ለእርስዎ የሚሆነው መንገድ ሁለቱም ከነገሩዎት የተለየ ነው። ጓደኛዎ ድርጅቱን የከፈተው ከ2020 በፊት ከሆነ የሚለው ነገር ለራሱ እውነት ነው። ጀርመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የእጅ ሙያ ሕጓን ስታሻሽል፣ ከ50 በሚበልጡ ሙያዎች ማይስተር የሚባለው የሙያው ከፍተኛ ማዕረግ ሳይጠየቅ ድርጅት እንዲከፈት ፈቅዳ ነበር፤ ፓርኬት ማንጠፍም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ከየካቲት 2020 ጀምሮ ግን በ12 ሙያዎች ላይ የማይስተር ግዴታ ተመልሷል። ሴራሚክ ማንጠፍ፣ ስክሪድ (ከንጣፉ ሥር የሚሆነውን የሲሚንቶ ወይም መሰል ንብርብር) መሥራትና ፓርኬት ማንጠፍ ከ12ቱ ውስጥ ናቸው። ቀድመው የተመዘገቡት መብታቸው ተጠብቆላቸዋል፤ በወገኖቻችን መካከል እርስ በርሱ የሚጋጭ ምክር የሚሰማውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ አዲስ ለሚመዘገብ ሰው፣ ሰርተፍኬቱ ሁለትም ሆነ አሥር፣ የፓርኬት ድርጅት ለመክፈት አያበቃውም። ሳይመዘገቡ መሥራት ደግሞ በገንዘብ ያስቀጣል።

ላሚኔት፣ ቪኒል፣ ምንጣፍና ሊኖሌም ማንጠፍ ቦደንሌገር በሚባለው ዘርፍ የሚመደብ ሲሆን፣ ይህን ሥራ ሃንድቨርክስካመር (የእጅ ሙያ ምክር ቤት) ዘንድ ተመዝግቦ ያለ ማይስተር መክፈት ይቻላል። ቸኩለው ከሆነ በዚህ በኩል መጀመር ይችላሉ። እጅዎ የለመደው ግን የእንጨት ሥራ ነውና በዚህ ብቻ ቢወሰኑ አዝናለሁ።

አለቃዎ የሚሉት አውስቢልዱንግ ለ18 ዓመት ወጣት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ አብዛኛው በሥራ ቦታ፣ ቀሪው በሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ መጨረሻው ገዘለ (የሠለጠነ ባለሙያ) የሚያሰኘው ፈተና ነው። ለእርስዎ ግን ወደዚያው ፈተና የሚያደርስ ሌላ በር አለ። የእጅ ሙያ ሕጉ፣ የሥልጠናውን ዘመን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል፣ ማለትም ለፓርኬት 4 ዓመት ተኩል፣ በሙያው የሠራ ሰው አውስቢልዱንግ ሳይወስድ ለፈተናው እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ከዚህም ጊዜ ከፊሉ ወይም ሙሉው፣ አመልካቹ የሙያው ችሎታ እንዳለው በምስክር ወረቀት ወይም በሌላ መንገድ ካሳመነ ሊቀርለት ይችላል፤ በውጭ አገር የተሠራ ሥራም ከግምት እንዲገባ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ የአዲስ አበባው ሥራዎ ዋጋ አለው፣ ሁለቱ ሰርተፍኬቶችም ለብቻቸው በር ባይከፍቱም እዚህ ላይ ደጋፊ ማስረጃ ይሆናሉ። ከጥር 2025 ጀምሮ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሥራ ያገኙትን ችሎታ አስመዝነው ማረጋገጫ የሚያገኙበት ሌላ ሥርዓትም ተጀምሯል፤ ማረጋገጫው ግን ራሱ የገዘለ ማዕረግ ስላልሆነ፣ ዓላማዎ ድርጅት መክፈት ከሆነ ፈተናውን እንዲመርጡ እመክራለሁ።

በፈተናው ላይ የሚያስቸግርዎት እጅዎ አይመስለኝም። አራት ዓመት የሠራ ሰው ሳንቃ አስተካክሎ መግጠም ያውቃል፤ ረዳት የማይጠየቅበትና ፈተናው አጥብቆ የሚጠይቀው፣ ከማንጠፍ በፊት የሚሰጠው ውሳኔ ነው። የሲሚንቶ ስክሪድን ይውሰዱ። ከላይ ሲያዩት ነጥቶና ደርቆ፣ ከሥር ግን እርጥበት አምቆ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያው ስክሪዱን ቦርቡሮ ከታችኛው ክፍል ናሙና ያወጣል፤ የማሞቂያ ቧንቧ ካለ የሚቦረቡረው ለልኬት ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ነው። ናሙናውን ወቅጦና መዝኖ፣ ከብረት ኳሶችና ካርባይድ ከያዘች የመስታወት ብልቃጥ ጋር በብረት ጠርሙስ ውስጥ ይከተዋል። ጠርሙሱ ሲወዘወዝ ብልቃጧ ትሰበራለች፣ ካርባይዱ ከውሃው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጠራል፣ ክዳኑ ላይ ያለው የግፊት መለኪያም የእርጥበቱን መጠን ያሳያል። የተለመደው ወሰን 2.0 በመቶ፣ ማሞቂያ ላለው ስክሪድ ደግሞ 1.8 በመቶ ነው። ይህን መለካት በአንድ ቀን ኮርስ ይለመዳል። ቁጥሩ 2.6 ሆኖ ሲወጣና ተቆጣጣሪው «ሰዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ፣ አንጥፍ» ሲል ምን እንደሚደረግ ግን የኮላ ኮርስ አያስተምርም። ስጋትዎን በጽሑፍ ካላሳወቁ፣ ሳንቃው ጎብጦ ሲነሣ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ገዘለ የሆነ ሰው እምቢ ለማለት የሚያበቃ ዕውቀትም ማዕረግም ስላለው ነው ወረቀቱን ይህን ያህል የምገፋፋዎት።

ኮርስ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የኮላና የቫርኒሽ አምራቾች የሚሰጡት ሥልጠና ስለ ራሳቸው ምርት ጥሩ ያስተምራል፤ የሚከተለውን ኮርስ ሲመርጡ ግን ፈተናው የሚጠይቀውን የጎደለዎትን ነገር ይምረጡ፦ የእርጥበት ልኬት፣ የወለል ዝግጅት፣ የሒሳብ አሠራርና የሙያው የጀርመንኛ ቃላት። አንዳንድ ሃንድቨርክስካመሮች ለፈተናው መዘጋጃ ትምህርት ስላላቸው አስቀድመው ይጠይቁ። በብናኝ መከላከል ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ካገኙም አይለፍዎ፤ እንደ ኦክ ያሉት እንጨቶች ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 መድቦታል፣ ብዙ ልጆቻችን ደግሞ ዛሬም ያለ ጭንብል ማሽን ሲገፉ አያለሁ።

ገዘለ ከሆኑ በኋላ ወደ ማይስተር ትምህርት መግባት ይችላሉ፤ አለበለዚያ 6 ዓመት ሠርተው ከዚያ ውስጥ 4ቱን በኃላፊነት ቦታ ካሳለፉ ማይስተር ሳይሆኑም ድርጅት የመክፈት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ማይስተር የሆነ ሰው የሥራ ኃላፊ አድርጎ መቅጠርም ሕጋዊ ነው፤ ለጀማሪ ግን ደመወዙ ከባድ ነው።

አሁን አለቃዎን የሥራ ምስክር ወረቀት ይጠይቁ። «ረዳት» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ወረቀት ብዙ አይጠቅምዎትም፤ ስክሪድ ማዘጋጀት፣ ማንጠፍ፣ ማለስለስ፣ ቫርኒሽ መቀባት እያለ የሠሩትን በዝርዝር የሚያሳይ መሆን አለበት። የአዲስ አበባውንም በተመሳሳይ መልክ አስጽፈው ያስተርጉሙት። ከሥራ ውልዎና ከደመወዝ ወረቀቶችዎ ጋር ይዘው ሃንድቨርክስካመር ሄደው ለውጭ ተፈታኝነት (አውስቢልዱንግ ሳይወስዱ ለመፈተን) ማመልከት እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። የሥራ ኤጀንሲው የሙያ ማረጋገጫ ለሌላቸው ሠራተኞች የመዘጋጃ ትምህርቱን ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ኤጀንሲውን ሳያነጋግሩ የምዝገባ ውል አይፈርሙ።