ምጣዱ ሲያቃጥለኝ ለምን አይሰማኝም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ነው የምተዳደረው። ባለፈው ዓመት እንጀራ ሳወጣ የግራ እጄ ጣቶች ምጣዱ ላይ አርፈው ኖሮ፣ መቃጠሌን ያወቅኩት ሲሸተኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። የሚገርመኝ ግን ማሰሻ ጨርቁን ስይዝ በደንብ ይታወቀኛል። ሲያስለኝ ማጅራቴን ፍልጥ ያደርገኛል፤ አሁን አሁን ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። የቫይታሚን መርፌ ተወግቼ ለውጥ አላየሁም። ጎረቤቶቼ «ሥጋ ደዌ እንዳይሆን» ብለው አስፈሩኝ።

መልስ፦ እኔም ቆም ብዬ ደግሜ ያነበብኩት የጨርቁን ነገር ነው። ንክኪ እየታወቀ የሙቀትና የሕመም ስሜት ብቻ ሲጠፋ፣ ችግሩ ከእጅ ሳይሆን ከአንገት ሊሆን ይችላል። የሕመምና የሙቀት ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሲገቡ መሐሉን አቋርጠው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። የንክኪዎቹ ግን በጀርባ በኩል ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ መሐሉ ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ክፍተት ሲፈጠር መጀመሪያ የሚጎዱት ተሻጋሪዎቹ ናቸው። ሲሪንጎሚየሊያ ይባላል፤ ብዙ የማያጋጥም በሽታ ነው።

በሳል ጊዜ ማጅራት የሚፈልጥ ሕመም ሲጨመርበት ደግሞ ኪያሪ የሚባለውን እጠረጥራለሁ። የትንሹ አንጎል ጫፍ በራስ ቅል የታች ቀዳዳ ወደ አንገት ወርዶ የፈሳሹን መተላለፊያ ያጠብበዋል። ስሙ ክስተቱን በ1891 እ.ኤ.አ. ከገለጸው ከሃንስ ኪያሪ የመጣ ነው።

ሥጋ ደዌውን መርሳት የለብንም፤ እሱም ስሜት ያሳጣል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የደነዘዘ የቆዳ ንጣት ወይም ክርን አካባቢ የወፈረ ነርቭ ይገኝበታል፣ ማጅራትም አያስፈልጥም። ቢሆንም እንኳ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ነው፤ የጎረቤት ወሬ እንቅልፍ አይንሳዎት።

የነርቭ ሐኪም ይመርምርዎትና ኤምአርአይ ይነሡ። የወገብ ሳይሆን የአንገት፣ የራስ ቅሉን መጋጠሚያ ጨምሮ። የወገብ ብቻ ተነሥቶ «ደህና ነዎት» ተብሎ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ፤ ገንዘቡ ያንገበግባል። ኪያሪ ካልተገኘ ዕጢን፣ የድሮ ጉዳትንና የቲቢ ጠባሳን መፈለግ ይኖርብናል።

ኪያሪው ከነክፍተቱ ከታየ፣ እጅዎም እየደከመ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ቀዶ ሕክምና ነው። ከራስ ቅሉ በስተኋላ ትንሽ አጥንትና የመጀመሪያው የአንገት አጥንት ቅስት ተነሥቶ፣ የአንጎሉ ሽፋን በመጣፊያ እንዲሰፋ ይደረጋል፤ ፈሳሹ መንገድ ያገኛል። ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። የማጅራት ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የጠፋው የሙቀት ስሜት ግን ላይመለስ ይችላል፤ ዋናው ዓላማ በሽታው እንዳይብስ ማድረግ ነው። ይህን ሳይሰሙ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲገቡ አልፈልግም።

ወጌሻ አንገትዎን እንዳያሽ፣ እንዳይስብ። ሲውጡ የሚያንቅዎት፣ እግርዎ የሚከብድ ወይም ሽንት መቆጣጠር የሚያቅትዎ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስከዚያው እንጀራውን በጣትዎ አያንሡ፤ ሰፌዱን አስጠግተው ያውጡ። የመታጠቢያ ውሃ ሙቀትም ሌላ ሰው ይለካልዎት።