ማስተርሱ ይቆይ፣ ሥራው ይቅደም

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ጨርሳችሁ፣ የማስተርስ ቅበላ ደብዳቤና በዓመት 55,000 ዶላር የሚከፍል የሄልፕ ዴስክ (ኮምፒውተር ላስቸገራቸው ሠራተኞች እርዳታ የመስጠት) ሥራ በአንድ ሳምንት ደርሷችሁ ለተወዛገባችሁ ልጆች ነው። በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ ያላችሁም ሆነ እዚሁ የተወለዳችሁ የፌዴራል የትምህርት ብድር አይከለከላችሁም። እንዲያ ስለሆነም ብዙ ሰው ሳያሰላ ይፈርማል።

እስቲ እናስላው። በዚህ ብድር ለማስተርስ ተማሪ የሚሰጠው በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። ወለዱ በ2025/26 የትምህርት ዘመን 7.94 በመቶ ነበር። በትምህርት ላይ ሳላችሁ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍንበት ብድር ለማስተርስ ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል፤ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን አንስቶ ይወልዳል። በሁለት ዓመት 41,000 ዶላር የተበደረ ሰው፣ ከምረቃ በኋላ ያለው የስድስት ወር እፎይታ ሲያልቅ ዕዳው 46,000 ገደማ ሆኖ ይጠብቀዋል። በአሥር ዓመት ለመጨረስ በወር 550 ዶላር ያህል፣ በድምሩ ወደ 66,000 ይከፍላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልገባውን ደመወዝ ገና አልቆጠርንም። ትምህርቱን በመሃል ያቋረጠም ከስድስት ወር በኋላ ክፍያው ይጀምርበታል፣ ያለ ዲግሪ።

ቀሪውን የትምህርት ክፍያ የሚሸፍነው ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ስለዚህ የጎደለውን ለመሙላት የሚቀረው የግል አበዳሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋስ አምጡ ይላል። ዋሷ አብዛኛውን ጊዜ አክስት ናት። እዚህ አገር ዋስ የፈረመ ሰው ራሱ እንደተበደረ ይቆጠራል፦ አንድ ወር ብታሳልፉ የእሷም ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪኳ፣ ይበላሻል፣ ቤት ልትገዛ ስትሄድ ዕዳችሁ ከእሷ ዕዳ ጋር ይደመራል። ለማስተርስ ብሎ ዘመድን እዚህ ውስጥ ማስገባት በእኔ ዓይን ነውር ነው።

ሥራውን ከያዛችሁ ግን መጀመሪያ የቀጣሪውን የትምህርት ድጎማ መመሪያ አንብቡ። ቀጣሪ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ ሊከፍልላችሁ ሕጉ ይፈቅዳል። የጆርጂያ ቴክ የኦንላይን የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ አሥር ኮርስ ሆኖ በጠቅላላው ከ10,000 ዶላር በታች ስለሚያልቅ ድጎማው ሊሸፍነው ይችላል። ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ድርጅት ገንዘቡን የሚመልሰው ኮርሱ በጥሩ ውጤት ካለቀ በኋላ ነው፤ ቶሎ ከለቀቃችሁም መልሱ ይላል። ሁለተኛ፣ በፈረቃ እየሠሩ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ መውሰድ። አንድ ይበቃል።

ሄልፕ ዴስክም የራሱ ወጥመድ አለው። ሁለት ዓመት የይለፍ ቃል ስትቀይሩ ከከረማችሁ ያገኛችሁት ልምድ የሁለት ወር ነው። በመጀመሪያው ስድስት ወር በየቀኑ የሚደጋገመውን አንድ ሥራ በፓወርሼል (ለኮምፒውተር ትእዛዝ በሚጻፍበት መሣሪያ) በራሱ እንዲሠራ አድርጉ፤ ስንት ቲኬት (የእርዳታ ጥያቄ) እንደቀነሰ መዝግባችሁ ሲቪ ላይ በቁጥር አስፍሩት። ዋሽንግተን አካባቢ ከሆናችሁ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የሳይበር ደህንነት ምስክር ወረቀት ውሰዱ፤ ፈተናው 90 ደቂቃ ነው፣ ማለፊያው ከ900 750። ብዙ የመከላከያ ኮንትራት ሥራ ይህን ወረቀት ይጠይቃል። ሆኖም ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ (ምስጢራዊ መረጃ የማየት የመንግሥት ፈቃድ) የሚያስፈልገው ቦታ ዜግነት ይፈልጋል፤ በዲቪ የመጣ ሰው ደግሞ በተለመደው መንገድ ለዜግነት አምስት ዓመት ይጠብቃል። ቀኑን ከአሁኑ ቁጠሩት።

በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ሒሳባችሁ ሌላ ነው። የፌዴራል ብድር አታገኙም፤ በሌላ በኩል በቴክኖሎጂ ዘርፍ የተመረቀ 12 ወር፣ ሲታደስም ተጨማሪ 24 ወር መሥራት ይችላል። ኤች ዋን ቢ ለሚባለው የሥራ ቪዛም እዚህ አገር ማስተርስ ለሠሩ 20,000 ቦታ ለብቻ ተይዟል። ለእናንተ ማስተርስ የመቆያ መንገድም ነው። ዩኒቨርሲቲው ረዳት አድርጎ ቀጥሮ የትምህርት ክፍያውን ከሰረዘላችሁ ደግሞ፣ ማንም ብትሆኑ ሂዱ።

የቅበላ ደብዳቤውን አትጣሉት። የማስያዣ ክፍያው ቀን ሳያልፍ ለቅበላ ቢሮው ጻፉና ቦታውን ለአንድ ዓመት ያቆዩላችሁ እንደሆነ፣ ስኮላርሺፕ ካለም አብሮ ይቆይ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በስልክ አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይሁን።