ቢቢ ክሬም፣ ሲሲ ክሬም ወይስ ቀለም ያለው ሰንስክሪን? ማድያት ላለበት ፊት የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባንክ ውስጥ ካሸር ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጥቶብኛል፤ አገጬ ላይ ደግሞ ብጉር ይመላለስብኛል። ፋውንዴሽን ይከብደኛል፤ ከሰዓት ሲሆን ፊቴ ላይ ይሰነጣጠቃል። ቀለል ያለ ነገር ስፈልግ የሥራ ባልደረባዬ ቢቢ ክሬም ግዢ አለችኝ፤ ሱቅ ስሄድ ሻጯ ሲሲ ክሬም ይሻልሻል አለችኝ፤ አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ስኪን ቲንት ላከችልኝ። የቱን ልያዝ? ቢቢ ክሬሙ ላይ «ኤስፒኤፍ 30» ስለሚል ሰንስክሪን መቀባቱን ልተወው? ብጉሬንስ አያባብሰውም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መልሱን ላስቀድም። ለእርስዎ ፊት እኔ የምመርጠው አራተኛውን ነው፤ ቀለም ያለው ሰንስክሪን፣ ማለትም ቀለም የገባበት የፀሐይ መከላከያ ክሬም። ምክንያቱ ማድያቱ ነው። ማድያት ባይኖርብዎ ኖሮ «ደስ ያለዎትን ይቀቡ» ብዬ በሁለት መስመር እጨርስ ነበር።

መጀመሪያ በስሞቹ ብዙ አይጨነቁ። ቢቢ ክሬምን እ.አ.አ በ1960ዎቹ ጀርመናዊቷ የቆዳ ሐኪም ክርስቲን ሽራመክ ያዘጋጁት ሕክምና ተደርጎለት የቀላ ፊትን እንዲሸፍንና እንዲያረጋጋ ነበር። ዓለም ያወቀው ግን ኮሪያ ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ ስሙ የገበያ ስም ሆኗል፤ አንዱ ኩባንያ ቢቢ ብሎ የሚሸጠውን ሌላው ሲሲ ይለዋል። በጥቅሉ ቢቢ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ሲሲ የቆዳ ቀለም መዥጎርጎርን ለማስተካከል ያለመ ነው። ስኪን ቲንት በጣም ስስ ቀለም ነው፤ ብዙዎቹ የፀሐይ መከላከያ የላቸውም። ቀለም ያለው ማለስለሻ፣ ማለትም ቲንትድ ሞይስቸራይዘር የሚባለው፣ ለደረቅ ቆዳ ይስማማል። ከዚህ በላይ ልዩነታቸውን ማጥናት ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ማድያቱ። የፀሐይ ብርሃን ሲባል ሁላችንም የምናስበው ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው የክሬሙ የመከላከል አቅም ቁጥርም የሚለካው የዚሁን የተወሰነ ክፍል ነው። ነገር ግን ዓይናችን የሚያየው ተራ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ እንደ እኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ቀለም አምራች ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። እ.አ.አ በ2010 የታተመ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች በሚታየው ብርሃን ጠቆሩ፤ ነጭ ቆዳ ያላቸው ግን ምንም አልሆኑም። የነጭ ቆዳን ችግር ለመፍታት የተሠራ ሰንስክሪን ለእኛ ሁልጊዜ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ቀለም የሌለው ሰንስክሪን፣ ቁጥሩ 50 ቢሆንም፣ ይህን ብርሃን እምብዛም አያግደውም። በደንብ የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ ነው፤ ያ ክሬሙን ቡናማ የሚያደርገው ነገር። ማድያት ባለባቸው ታካሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም አይረን ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ከሌለበት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ስለዚህ ለእርስዎ ቀለሙ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሕክምናዎ አካል ነው።

«እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ነኝ» እንዳይሉኝ። መስታወት አንዱን ዓይነት አልትራቫዮሌት ያስቀራል እንጂ ሌላውንና የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል። መስኮት አጠገብ የሚቀመጡ ከሆነ ወይም ታክሲ ውስጥ ሁልጊዜ በፀሐይ በኩል ከሆኑ ፊትዎ ድርሻውን ያገኛል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያዘናጋናል እንጂ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። የስልክና የኮምፒውተር ብርሃን ግን አያስጨንቅዎ፤ ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እሱን ፈርተው ውድ ክሬም እንዳይገዙ።

ሱቅ ሲገቡ ካርቶኑን ያዙሩት። በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው የንጥረ ነገር ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ ሲአይ 77491፣ 77492፣ 77499 የሚሉ ቁጥሮች ይፈልጉ። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ አይረን ኦክሳይድ ናቸው። 77891 ደግሞ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ነጩ፣ ፊትን አመድማ የሚያደርገው። ቁጥሮቹ መጠኑን አይነግሩዎትም። ትንሽ ክንድዎ ላይ ቀብተው ይዩት፤ ቀለሙ ወዲያው ከጠፋ አይረን ኦክሳይዱ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ «ሦስቱም ውስጥ ቀለሙ ካለ፣ ያለኝን ቢቢ ክሬም ለምን አልጠቀምም?» ማለትዎ አይቀርም። ጉዳዩ መጠኑ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ኤስፒኤፍ የሚለካው በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። ይህ ለፊትና ለአንገት ሲሰላ በጠቋሚና በመሐል ጣት ርዝመት ሙሉ የተጨመቀ ክሬም ይሆናል። ቢቢ ክሬምን ማንም እንዲህ አይቀባም፤ የአተር ፍሬ የምታህል ይዘን ነው ፊታችንን የምናዳርሰው። ያኔ ቱቦው ላይ ያለው 30 የወረቀት ቁጥር ይሆናል። ስስ ነጠላ ጣል አድርጎ የሐምሌ ዝናብ ውስጥ እንደመግባት ነው። ስለዚህ ሰንስክሪኑን አይተዉት።

ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና ሁለቱንም ዓይነት አልትራቫዮሌት የሚከላከል ቀለም ያለው ሰንስክሪን ገዝቶ ሁለት ጣት ሙሉ መቀባት ነው። ሁለተኛው መንገድ ለኪስ ይቀላል፦ ቀለም የሌለውን ሰንስክሪን በበቂ መጠን ይቀቡ፣ እስኪደርቅ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ፣ ከዚያ ያለዎትን ቢቢ ወይም ስኪን ቲንት ሳያሹ መታ መታ እያደረጉ ያልብሱት። የፋውንዴሽኑ መሰነጣጠቅም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከታች ያለው ሳይደርቅ ሌላ ሲደረብና ላዩ ላይ ፓውደር ሲበዛ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የ30 እና የ20 ክሬም ተደርቦ 50 አይሆንም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሲወጡ መደገም አለበት። ሜካፕ አጥቦ እንደገና መቀባት እንደማይሆን ይገባኛል። ባለ ቀለም ሰንስክሪኑን በስፖንጅ ላዩ ላይ መጫን ይቻላል። ጃንጥላ መያዝ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ እናቶቻችን ያለ ኤስፒኤፍ ፊታቸውን ያኖሩት በጥላ ነው።

የቀለም ምርጫው ላይ አይቸኩሉ። ብዙ ቢቢ ክሬሞች የሚመጡት በሁለትና በሦስት ዓይነት ቀለም ብቻ ነው፤ ለቀይ ዳማ እንኳ የሚነጡ አሉ። በእጅዎ ጀርባ አይሞክሩ፤ ከፊትዎ ጋር አንድ ቀለም አይደለም። መንጋጭላዎ ላይ ቀብተው ከሱቁ ውጡና በቀን ብርሃን፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ይዩት። አንዳንዱ ሲቆይ ይጠቁራል። ለማድያቱ ሲሉ ከቆዳዎ የነጣ አይምረጡ፤ ማድያቱ ያኔ ይበልጥ ይታያል። ሻጯ ፊትዎን ትታ «ያነጣሻል» ካለችዎት አመስግነው ይውጡ።

ብጉሩን በተመለከተ፣ አገጭ ላይ የሚመላለስና የወር አበባ ሰሞን የሚብስ ብጉር አብዛኛውን ጊዜ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ክሬሙ ብቻውን አያመጣውም፤ ወፍራም ቅባት ግን ያባብሰዋል። «ኖን ኮሜዶጄኒክ» (የቆዳን ቀዳዳ የማይደፍን) የሚል ይፈልጉ፤ ዋስትና ባይሆንም ይረዳል። ከሥሩ ቫዝሊን ወይም የፀጉር ቅባት አይቀቡ። ሽታ ያለውንም ይተዉት፤ ቆዳ ከተቆጣ ማድያት ይጠቁራል። አዲሱን ክሬም መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀን በቀን ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት። ማታ ሜካፑን በለስላሳ ማጽጃ ሳያስለቅቁ አይተኙ። ስፖንጁን በየሳምንቱ ይጠቡ፤ ለማንም አያውሱ።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ማድያት ያለባት ሴት ሁሉ ውላ አድራ ስለሚቀርብላት ነው። በትንሽ ዕቃ ተቀላቅሎ፣ ስምና ዝርዝር ሳይጻፍበት የሚሸጠውን «የማድያት ክሬም» አይንኩት። ብዙ ጊዜ ውስጡ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ይገኛል፤ አንዳንዱ ሜርኩሪም አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፤ ያ ነው የሚያታልለው። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ብጉር ይወርሰዋል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ማድያቱ ብሶ ይመለሳል።

የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ እሱም ማድያትን ሊያባብስ ይችላል። በራስዎ አያቋርጡ፤ ከሰጠዎት ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ። ጡት እያጠቡ ወይም ሌላ እርግዝና እያሰቡ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩን፤ ቀለም ያለውን ሰንስክሪን መቀባት አይከለክልዎትም፤ የምናዝዘው የማድያት መድኃኒት ግን ይለያያል። ለሦስት ወር ያህል በደንብ ተቀብተው ለውጥ ካላዩ የቆዳ ሐኪም ይዩ። ሲመጡ የሚቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ ስም ያልተጻፈበትንም ጭምር።