ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ስለ ሂዩጅ ፔጅ ጠይቁኝ

ሂዩጅ ፔጅ ማለት ሜሞሪን በትንንሽ ቁራጭ ፈንታ በትልልቁ (2 ሜጋ) መያዝ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ስላለው ነው የምመልሰው። አብዛኛው ልምዴ ፖስትግሬስ ነው፣ ኦራክልም ትንሽ ነካክቻለሁ።

ጥያቄ፦ 64 ጊጋ ራም አለኝ፣ ሂዩጅ ፔጅ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ነገሩ የራም ማነስ አይደለም ወንድሜ። ሊኑክስ ሜሞሪውን በ4 ኪሎባይት ነው የሚቆራርጠው፣ ቁራጯ ፔጅ ትባላለች፣ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ደግሞ ፔጅ ቴብል (የትኛዋ የት እንዳለች የሚመዘገብበት ዝርዝር) ላይ 8 ባይት ይይዛል። ሼርድ በፈርስህ (ፖስትግሬስ ዳታ የሚያቆይበት የጋራ ሜሞሪ) 16 ጊጋ ከሆነ 4.2 ሚሊዮን ገደማ ፔጅ ነው፣ ማለትም 32 ሜጋ፣ እሷማ ምን አላት ትለኝ ይሆናል፣ ግን ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ ስለሚከፍት እያንዳንዱ የየራሱን ቴብል ይይዛል፣ 200 ኮኔክሽን በፈሩን በሙሉ ካዳረሰው 6 ጊጋ ምናምን ለቴብል ብቻ ሄደ ማለት ነው። በ2 ሜጋ ፔጅ ግን 8,192 ፔጅ ብቻ ይሆናል። ሲፒዩው አድራሻ የሚያይባት ቲኤልቢ የምትባል ትንሽዬ ካሽም እፎይ ትላለች። ሜምኢንፎ (ሊኑክስ የሜሞሪውን ሁኔታ የሚያሳይበት ፋይል) ላይ ፔጅ ቴብልስ የሚለውን መስመር እየው፣ ጊጋ ቤት ከገባ ሂዩጅ ፔጅ ያስፈልግሃል፣ አትጠራጠር።

ጥያቄ፦ እሺ ስንት ልያዝ?

መልስ፦ በግምት አትሂድ። ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ ስንት ሂዩጅ ፔጅ እንደሚፈልግ ራሱ ይነግርሃል፣ ሰርቨሩን አቁመህ ጠይቀው፣ ከዛ ትንሽ ጨምረህ ሲስሲቲኤል (የሊኑክስ ማስተካከያ) ላይ ጻፈው። እኔ አንዴ ለጥንቃቄ ብዬ 64 ጊጋ ማሽን ላይ 50ውን ያዝኩ፣ የተያዘው ደግሞ ዳታቤዙ ባይነካውም ለሌላ አይሰጥም፣ ዎርክ ሜምም (ለሶርትና ለመሳሰለው የሚወሰደው ሜሞሪ) ከሱ አይወስድም፣ በቀረችው 14 ጊጋ ሶርቱም ኮኔክሽኑም ሲጋፋ ሌሊት ላይ ኦኦኤም ኪለር (ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ የሚገድለው የሊኑክስ ክፍል) መጥቶ ዳታቤዙን ገደለልኝ።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን ሞልቼ ፖስትግሬስን አስነሳሁት፣ ግን ሜምኢንፎ ላይ የሂዩጅ ፔጁ ፍሪ ከቶታሉ እኩል ነው። አልያዘም ማለት ነው?

መልስ፦ ሪዘርቭድ የሚለውን እዪው እህቴ። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይዞታል፣ ገና አልነካውም እንጂ። ዜሮ ከሆነ አልያዘም። የፖስትግሬስ ሂዩጅ ፔጅስ የሚለው ሴቲንግ ዲፎልቱ ትራይ (ሞክር) ስለሆነ ካላገኘ ድምፁን አጥፍቶ በትንንሹ ፔጅ ይነሳል፣ ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚሸወድበት። ኦን አድርጊው፣ ካላገኘ አልነሳም ይልሻል።

ጥያቄ፦ ኦራክል ላይ ሂዩጅ ፔጅ እንቢ አለኝ።

መልስ፦ ሜሞሪ ታርጌት (ኦራክል ሜሞሪውን በራሱ የሚያከፋፍልበት ሴቲንግ) በርቶ ይሆናል፣ እሱና ሂዩጅ ፔጅ አብረው አይሄዱም። አጥፋውና ኤስጂኤ ታርጌትና (የጋራው ሜሞሪ) ፒጂኤውን (የየፕሮሰሱ ሜሞሪ) ለየብቻ ስጠው። ሜምሎክ ሊሚቱንም (ቆልፎ መያዝ የሚችለውን የሜሞሪ ገደብ) ከፍ አድርግ።

ጥያቄ፦ ትራንስፓረንት ሂዩጅ ፔጅ በርቷል፣ እሱ አይበቃም?

መልስ፦ ስማቸው ነው የሚመሳሰለው። እሱን ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው ክፍል) እየሠራህ እያለ ነው ትንንሹን እየሰበሰበ የሚያገጣጥመው፣ ያኔ ኩዌሪህ ድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። ኦራክልም ሬዲስም አጥፉት ነው የሚሉት፣ እኔም አጠፋዋለሁ።

ጥያቄ፦ 9,000 ሂዩጅ ፔጅ ጠይቄ 6,120 ብቻ ሰጠኝ?

መልስ፦ ማሽኑ ብዙ ስለቆየ ሜሞሪው ተበጣጥሷል፣ ተያይዞ ያለ 2 ሜጋ አያገኝም። ካሹን አራግፈህ ኮምፓክት አስደርገውና (የተበጣጠሰውን አሰባስብ ማለት ነው) እንደገና ሞክር፣ እምቢ ካለ ሪቡት ነው።